«የመቶ ዓመት ብቸኝነት» ላይ ተቸክያለሁ፤ ልግፋበት ወይስ ልተወው?

የማርቆስ አንባቢ (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ማርቆስ ስድስት ሆነን በየአሥራ አምስት ቀኑ እየተገናኘን መጽሐፍ እናነባለን። በዚህ ዙር የያዝነው የጋብርኤል ጋርሲያ ማርኬዝን «የመቶ ዓመት ብቸኝነት» ነው፣ በእንግሊዝኛ። ሁለቱ ትተውታል። አንደኛው «ይሄ ተረት ነው፣ ለልጆች ንገሩት» ብሎ ዘጋው። እኔ ግማሹን አልፌያለሁ፤ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደክሞኛል።

ስሙ ራሱ ያደክማል። አባት ሆሴ አርካዲዮ፣ ልጅ ሆሴ አርካዲዮ፣ የልጅ ልጅ አርካዲዮ፣ የእሱ ልጅ ደግሞ ሆሴ አርካዲዮ ሴጉንዶ። ሌላው ልጅ ኮሎኔል ኦሬሊያኖ ከ17 ሴቶች 17 ወንድ ልጆች ይወልዳል፣ ሁሉም ኦሬሊያኖ ናቸው። መጽሐፉን ሁለት ቀን ካሳደርኩት ማን የማን ልጅ እንደሆነ ይጠፋብኛል።

ከሁሉ በላይ ያስቸገረኝ ግን የደሙ ነገር ነው። ልጅየው ሆሴ አርካዲዮ በተኩስ ይሞትና ደሙ በበሩ ሥር ሾልኮ ይወጣል፣ መንገድ ለመንገድ ይሄዳል፣ ደረጃ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ የወላጆቹ ቤት ሲገባ ምንጣፉን እንዳያበላሽ ግድግዳውን ታክኮ ያልፋል፣ ከዚያ እናቱ ኡርሱላ ለዳቦ 36 እንቁላል ልትሰብር ስትል ወጥ ቤት ይደርሳል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ያምራል። ግን ምን ማለት ነው? ማን ገደለው? ደራሲው ዝም ብሎ ያልፋል።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ የጨረሳችሁት ካላችሁ እንዴት አነበባችሁት? በእያንዳንዱ ተአምር ሥር ትርጉም እየፈለኩ ልሂድ ወይስ እንዳለ ልቀበለው? ቀጣዩ ስብሰባችን እሑድ ነው። መጨረሻውን ግን እባካችሁ እንዳትነግሩኝ።

የቡሬው

ወንድሜ፣ አትተወው።

ስሙ የሚከብደን ልማዳችን ስላልሆነ ነው። እኛ ጋ የልጅ ስም የራሱ ነው፣ የአባቱ ስም ከኋላ ይከተላል፣ በቃ። አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ስም ሲጠሩ ብዙም አናይም፤ ስለዚህ ዓይናችን ስምን እንደ መለያ ነው የሚይዘው። እዚያ ግን ስም መለያ አይደለም፣ ውርስ ነው። ኡርሱላ ራሷ አንድ ቦታ ላይ ትነግርሃለች፦ ኦሬሊያኖዎቹ ዝምተኛና አስተዋይ ናቸው፣ ሆሴ አርካዲዮዎቹ ቁጡና ደፋር። ይህን ከያዝክ የትኛው እንደሆነ ባታውቅ እንኳ የየትኛው ወገን እንደሆነ ታውቃለህ።

እኔ ያደረኩትን ልንገርህ። ትልቅ ወረቀት ገዝቼ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ከላይ ሆሴ አርካዲዮ ቡኤንዲያንና ኡርሱላን ጻፍኩ፣ ከሥር ልጆቹን፣ እያለ እያለ ወረደ። አንተም ሰባት ረድፍ አስምር። ለምን ሰባት እንደሆነ ራስህ ትደርስበታለህ።

ደግሞ አስተውል፣ ይህ ታሪክ የሚጀምረው እኛ ጋ ማንም ሽማግሌ ከሚፈራው ነገር ነው። ሆሴ አርካዲዮና ኡርሱላ የሥጋ ዘመድ ናቸው። ከዚያ በፊት ከቤተሰባቸው እንዲሁ የተጋባ አለና የአሳማ ጭራ ያለው ልጅ ተወልዷል። ኡርሱላ ዕድሜ ልኳን የምትሰጋው ይሄንን ነው። ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጠራል እየተባለ ላደገ ሰው ይሄ ምን ማብራሪያ ያስፈልገዋል? ከዚያ ደግሞ ሰውየው በዶሮ ግጥሚያ ላይ የሰደበውን ጎረቤቱን ይገድላል፣ የሟቹ መንፈስ እየመጣ እንቅልፍ ይነሳቸዋል፣ አገር ለቀው ይሰደዳሉ፣ ማኮንዶን ይቆረቁራሉ። ደም ተቃብቶ ቀየውን የለቀቀ ሰው ታሪክ ያልሰማ ጎጃሜ አለ? አያቴ ቢነበብለት «ቀጥል» ነበር የሚለው።

አስካለ ሞጣ

እኔ ካቆሙት ነኝ። ስም በዝቶብኝ አይደለም፣ ተአምሩም አላስቸገረኝም። ያቆመችኝ ትንሿ ሬሜዲዮስ ናት።

ኦሬሊያኖ፣ ኋላ ኮሎኔል የሚሆነው፣ ሲወዳት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አባቷ እንኳ ሌሎች ስድስት ሴት ልጆች እያሉኝ ገና አልጋዋን የምታረጥበውን መረጠ ብሎ ግራ ይገባዋል። ግን ይሰጣታል። ለአቅመ ሔዋን እስክትደርስ ይጠብቋታል፣ ትዳራለች፣ መንታ በሆዷ እንደያዘች ትሞታለች። ኡርሱላ ፎቶዋን ሰቅላ የማይጠፋ መብራት አደረገችላት። ከብዙ ዓመት በኋላ የመጡ ልጆች ይቺ ነጭ ቦት ጫማ አድርጋ ራሷ ላይ ሪባን ያሰረች ልጅ ቅድመ አያታቸው መሆኗን ማመን ያቅታቸዋል።

እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ ወጥቼ ደጅ ተቀመጥኩ። እናቴ የተዳረችው በስምንት ዓመቷ ነው። ስለ ሠርጓ የምታስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በቅሎ ላይ ሆና እንቅልፍ እየጣላት ሚዜው እንዳትወድቅ ደግፎ ይዟት ነበር። ይህን የነገረችኝ ምስር እየለቀመች ነው። ድምፅዋ አልተለወጠም። ጠጠሩን ለይታ ጣለችና «ሰፌዱን አቀብይኝ» አለችኝ።

ደራሲው ልክ እንደ እናቴ ነው የሚያወራው። አንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር፣ ከዚያ ወደ ሌላ። ይሄ ነው ያቃተኝ። ዛሬ ሕጉ 18 ዓመት ይላል፣ እኔም ተምሬ ደመወዝ የምበላ ሰው ነኝ፤ ግን አንድ ሰው እዚያ ገጽ ላይ እንዲቆም፣ «ኧረ ይቺ ልጅ ናት» እንዲል ፈልጌ ነበር። ማንም አይልም። መጥፎ መጽሐፍ ነው አላልኩም። አንብቡት ግን ይህን እያወቃችሁ አንብቡት።

የቅኔ ቤት ልጅ

እህቴ አስካለ፣ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚህ በኋላ ስለ ሬሜዲዮስ ስናገር እናትሽን ሳላስብ አልቀርም።

ወደ ጠያቂው ልመለስ። ወንድሜ፣ ጥያቄህ የጎጃም ጥያቄ ነው። ዋሸራና ጎንጅ ያሉበት አገር ያደገ ሰው ሁሉንም ነገር ሰምና ወርቅ አድርጎ ይሰማል። እኔም ቅኔ ቤት ቆይቻለሁ፣ በሽታውን አውቀዋለሁ። ደሙ ምንድን ነው ወርቁ? አንዱን ሰው የሚከተለው ቢራቢሮ ምንድን ነው ወርቁ? እንዲህ ካነበብከው ሃምሳ ገጽ አትሄድም።

ሰሙን እየው። ወርቅ አንጥረኛ መጀመሪያ ሰሙን ካልቀረጸ ወርቁን የሚያፈስበት የለውም። የደሙ ሰም ምንድን ነው? ልጅ ሞተ፣ እናት ሰማች። ማንም ሳይነግራት ሰማች። ምንጣፉን እንዳያበላሽ መጠንቀቁን ተመልከት፤ ከሞተ በኋላ እንኳ የእናቱን ቤት ሥርዓት ያከብራል። ደሙን ተከትላ ተመልሳ ሄዳ ሬሳውን ታገኘዋለች። ከዚህ በላይ ምን ወርቅ ትፈልጋለህ?

ደራሲው ይህን አነጋገር ከአያቱ እንደወሰደው በቃለ መጠይቅ ተናግሯል። አያቱ የማይታመነውን ነገር ፊቷን ሳትለውጥ ታወራ ነበር። ደግሞ ሌላ የተናገረው አለ፦ ዝሆኖች በሰማይ ይበራሉ ብትል ማንም አያምንህም፣ 425 ዝሆኖች በሰማይ ይበራሉ ብትል ግን ሊያምኑህ ይችላሉ። ለዚህ ነው እንቁላሉ 36 የሆነው። ውቢቷ ሬሜዲዮስ (ይቺ ሌላኛዋ ናት) ወደ ሰማይ የምታርግበትንም ስትደርስበት ተመልከት። አንሶላ ይዛ ነው የምትሄደው። ደራሲው እንዴት እንደሚያስነሳት ጠፍቶት ሳለ ነፋስ ባለበት ቀን ልብስ የምታሰጣ ሴት አይቶ ነው አንሶላውን ያገኘው። ፈርናንዳ የምትባለዋ የቤቱ ሴት ደግሞ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አንሶላዎቿን መልስልኝ እያለች ትጸልያለች። እኔ ያመንኩት እዚህ ላይ ነው፣ ዕርገቱ ላይ ሳይሆን አንሶላዎቹ ላይ።

እኛ ተአምረ ማርያም ሲነበብ ቆመን ያደግን ልጆች ይህ ድምፅ አዲስ አይደለም።

ደብረ ኤልያስ

መጨረሻ ላይ ያልካት አልተስማማችኝም። ተአምረ ማርያምን ከልብ ወለድ ጋር አናስተያይ። አንዱ እምነት ነው፣ ሌላው ድርሰት።

የቅኔ ቤት ልጅ

ልክ ነህ ወንድሜ፣ አነጋገሬ ግልጽ አልነበረም። ያልኩት ስለ ጆሯችን ነው። ተአምር ሲነገር «እንዴት ሊሆን ቻለ» ብሎ ሳያቋርጥ የሚያደምጥ ጆሮ ይዘን ነው ያደግነው። ስለ እውነትነቱ አይደለም።

ደጀን ላይ ያለሁ

እኔ ስለ አንድ ምዕራፍ ብቻ ልጻፍ። የእንቅልፍ ማጣቱ በሽታ።

ማኮንዶ ውስጥ ሰው ሁሉ እንቅልፍ ያጣል፣ ከዚያ መርሳት ይጀምራል። መጀመሪያ ልጅነቱን፣ ቀጥሎ የዕቃውን ስም፣ በመጨረሻ ራሱን። ስለዚህ በየዕቃው ላይ ይጽፋሉ። ጠረጴዛ። ወንበር። ሰዓት። ላሟ አንገት ላይ ደግሞ ይህቺ ላም እንደሆነች፣ ወተት እንዲኖራት በየማለዳው መታለብ እንዳለባት፣ ወተቱም ከቡና ጋር ለመቀላቀል መፍላት እንዳለበት ጽፈው ያንጠለጥላሉ።

አባቴ መርሳት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆነው። እህቴ ባለፈው ዓመት በፕላስተር ወረቀት እየለጠፈች ወጣች፦ ስኳር፣ ጨው፣ የጠዋት ኪኒን፣ የማታ ኪኒን። መጸዳጃ ቤቱ በር ላይም። አባቴ ዳዊት የሚደግም ሰው ስለሆነ ፊደሉ እስካሁን አልጠፋበትም፣ ወረቀቱን ጮክ ብሎ ያነባል። አንድ ቀን ግን ስኳር የሚለውን አንብቦ፣ ክዳኑን ከፍቶ፣ እጁ ላይ አድርጎ አየውና «ምን ይደረጋል ይሄ?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ይህን ምዕራፍ ያነበብኩት። ደራሲው ይህንንም ጽፎታል፤ ሰዎቹ የዕቃውን ስም ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚሠራበትም መጻፍ እንዳለባቸው ሲገባቸው። አውቶቡስ ላይ ነበርኩ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እስከ ዓባይ በረሃ ድረስ ገጽ አልገለጥኩም።

ተረት ነው ያለውን ጓደኛህን ይህቺን ምዕራፍ ብቻ አስነብብልኝ።

መምህር ነኝ ከፍኖተ ሰላም

ታሪክ ስለማስተምር አንድ ነገር ልጨምር፣ ገና ያልደረስክበት ከሆነ ይህን ዝለለው።

ባቡር ጣቢያው ላይ የሚሆነው ነገር ፈጠራ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1928 ኮሎምቢያ ውስጥ ሲዬናጋ በተባለች ከተማ የዩናይትድ ፍሩት ካምፓኒ የሙዝ ሠራተኞች አድማ መትተው ነበር፣ ሠራዊቱ ተኮሰባቸው። አዛዡ 47 ሰው ሞተ ብሎ አመነ፤ ሌሎች ከዚያ እጅግ የበለጠ ነው ይላሉ፤ ቁጥሩ እስከ ዛሬ አልተስማማም። ደራሲው የተወለደው በ1927 እዚያው አካባቢ አራካታካ ነው፣ በወሬው ውስጥ ነው ያደገው። በልብ ወለዱ ሟቾቹ ከሦስት ሺህ በላይ ናቸው፤ ከሬሳው ባቡር የተረፈው ሆሴ አርካዲዮ ሴጉንዶ ያየውን ቢናገር «እዚህ የሞተ ሰው የለም» ይሉታል። የሚበር ምንጣፍ ያመነ ከተማ፣ ይህን አላምንም አለ።

ለተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል።

የማርቆስ አንባቢ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እሑድ ተገናኘን። እታለም አስካለ፣ የጻፍሽውን ፈቃድሽን ሳልጠይቅ ለቡድኑ አነበብኩት፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ከመካከላችን ሁለት ሴቶች አሉ። አንዷ ምንም አላለችም፣ ሌላዋ ግን የትንሿ ሬሜዲዮስን ክፍል እንደገና እንድናነበው ጠየቀችና አንድ ሰዓት ሙሉ እሱ ላይ ቆየን። ካቆምሽበት እንድትቀጥይ አልጎተጉትሽም።

ደጀን ላይ ያለኸው፣ ጓደኛችን የላሟን ገጽ አንብቦታል። ስለ ተረት መልሶ አልተናገረም። መጽሐፉን ይዞ ሄደ። ለአባትህ ጤናውን ይስጥልን።

ወረቀቱን ለጥፈነዋል፣ የቡሬው እንዳለው ሰባት ረድፍ አስምረን። አሁን ዝናቡ ላይ ነኝ፤ አራት ዓመት ከአሥራ አንድ ወር ከሁለት ቀን ይዘንባል ይላል። እዚህም ክረምቱ ገብቷል፣ ቆርቆሮው ላይ እየወረደ ነው የማነበው። ስድስተኛው ረድፍ ላይም ስም ገብቷል። አንዱ ገና ባዶ ነው።