ፍላሽ ሲሰካበት የማይነሳ ኮምፒውተር

ጥያቄ፦
ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ ግራ ገብቶኛል። ኮምፒውተሬን ፍላሽ እንደተሰካበት ስከፍተው ጥቁር ስክሪን ላይ ይቆማል፣ ከላይ በኩል አንዲት ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች፣ በቃ ሌላ ነገር የለም። ፍላሹን ነቅዬ ስከፍተው ግን ዊንዶውስ ያለ ችግር ይነሳል። ሃርድ ዲስኩ ሊሞት ነው እንዴ? ፋይሎቼ በጣም ያሳስቡኛል።

መልስ፦
አይዞህ ወንድሜ፣ ሃርድ ዲስኩ አይመስለኝም፤ እሱ ቢሆን ፍላሹን ስትነቅልም ያስቸግርህ ነበር። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚሰራው ፕሮግራም) ውስጥ ኮምፒውተሩ ከየት እንደሚነሳ የሚወስን ቅደም ተከተል አለ፣ ያንተ ዩኤስቢን የሚያስቀድም ይመስላል፣ ስለዚህ ፍላሹ ላይ ዊንዶውስ ፈልጎ ሲያጣ እዚያው ይቀራል። ባዮስ ውስጥ ለመግባት ስታበራው ኤፍ2 ወይም ዴሊት ደጋግመህ ተጫን (ቁልፉ እንደ ኮምፒውተሩ ይለያያል)፣ ቡት የሚለው ውስጥ ግባና ሃርድ ዲስኩን ወይም ዊንዶውስ ቡት ማናጀርን አንደኛ አድርገው። ሴቭ ማድረጉን እንዳትረሳ።

ሌላ መልስ፦
ልክ ነው። ከዚያም በኋላ ከቆመ ሌላ ፍላሽ ሞክር፣ የተበላሸ ፍላሽ ራሱ ባዮስን ሊያቆመው ይችላል። ለማንኛውም ፋይሎችህን አሁኑኑ ሌላ ቦታ ገልብጣቸው።

ጠያቂው፦
ሰራ! ዩኤስቢ አንደኛ ላይ ነበር፣ ወደ ታች አወረድኩት። አሁን ፍላሹ እንደተሰካም ይነሳል። እግዜር ይስጥልኝ።