ክርክር፦ ከጋብቻ በፊት የዘር በሽታ ምርመራ ግዴታ ይሁን ወይስ አይሁን?

ብሩክ፦ ሳዑዲ ዓረቢያ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሲክል ሴልና የታላሴሚያ (ከወላጆች የሚወረሱ የደም በሽታዎች) ምርመራ ያላደረጉ ዜጎቿን አታጋባም። ኤምሬትስም ከ2025 መግቢያ ጀምሮ ለዜጎቿ የዘረ-መል ምርመራን ግዴታ አድርጋለች። እኛ ዘንድ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከሠርግ በፊት የኤችአይቪ ወረቀት ይጠይቃሉ። በዚያው ቀጠሮ አንድ ብልቃጥ ደም ቢጨመር ምን ይጎዳል? እኔ ግዴታ ይሁን ባይ ነኝ።

ታደሰ፦ ሰባት ቤት የምንቆጥረው ለዚሁ አይደል እንዴ? አባቶች የዘጉትን በር እንደገና ለመዝጋት ወጪ ማውጣት አይታየኝም።

ያሬድ፦ ጋሽ ታደሰ፣ ቆጠራው የሚዘጋው በር አለ፣ የማይዘጋውም አለ። የአጎት ልጆች ተጋብተው ቢወልዱ፣ ልጁ የአንድ ቅድመ አያትን ያንኑ ቅጂ ከእናቱም ከአባቱም የመውረስ ዕድሉ በእያንዳንዱ ዘረ-መል 1/16 ነው። አያቶቻቸው ወንድማማች ከሆኑ 1/64 ይሆናል። ሰባተኛው ቤት ሲደረስ ከቁጥር አይገባም። ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ብቻ ለሚወጣ፣ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ተደብቆ ለሚኖር ብርቅ በሽታ ይህ ትልቅ አጥር ነው።

ሲክል ሴልን ያበዛው ግን ወባ ነው። የበሽታውን ዘረ-መል ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ፣ ራሱ የማይታመም ተሸካሚ በከባድ ወባ የመሞት ዕድሉ ስለሚቀንስ፣ ወባ በሚበዛበት ቆላ ዘረ-መሉ ሲከማች ኖሯል። ከ10 ሰው አንዱ ተሸካሚ የሆነበትን አካባቢ እንውሰድ፦ ምንም የማይዛመዱ ጥንዶች ሁለቱም ተሸካሚ የመሆን ዕድላቸው ከ100 አንድ ነው፤ የሁለት ተሸካሚዎች ልጅ ከሁለቱም ወርሶ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ስለሆነ፣ ከ400 ልጆች አንዱ ታሞ ይወለዳል። ያውም ሰባት ቤት ተቆጥሮ! በእኛ ደጋ ተሸካሚው ጥቂት ስለሆነ፣ ብሩክ፣ ለሁሉም ክልል አንድ ደንብ ማውጣት ራሱ ስህተት ነው።

ሐሊማ፦ ሰባት ቤትስ ቢሆን የሁላችንም ነው? በአፋር አብሱማ አለ፤ ወንዱ የአባቱን እህት ልጅ ያገባል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም እህትንና አክስትን እንጂ የአክስት ልጅን አይከለክልም። ቁጥሩንም በልኩ እንያዘው፦ ከማንኛውም 100 ልጆች 2 ወይም 3 ከባድ የጤና ችግር ይዘው ይወለዳሉ፣ የአክስትና የአጎት ልጆች ሲጋቡ ከ4 እስከ 6 ይደርሳል። ሸክሙ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ልጆች ጤነኛ ናቸው። ሕዝቡን ጥፋተኛ አድርጎ የሚጀምር ምርመራ በር አይከፈትለትም።

ሰብለ (ላብራቶሪ)፦ «አንድ ብልቃጥ ደም» የተባለው ላይ ልቁም። ርካሹ የሲክል ሴል ምርመራ እንዲህ ነው፦ 2 ሚሊ ሊትር በሚሆን ፈሳሽ ውስጥ ጠብታ ደም ይገባል፣ 5 ደቂቃ ይቆያል፣ ከዚያ ቱቦው ጥቁር መስመር በተሰመረበት ወረቀት ፊት ይያዛል። መስመሩ በፈሳሹ ውስጥ ጥርት ብሎ ከታየ «የለም»፣ ከደፈረሰና መስመሩ ከጠፋ «አለ» ይባላል። ችግሩ፣ ተሸካሚውም ታማሚውም ያደፈርሱታል። የደም ማነሱ የጠናበት ወይም በቅርብ ደም የወሰደ ሰው ደግሞ ሊያሳስት ይችላል።

የባሰው ታላሴሚያን ጨርሶ አለማየቱ ነው። ሙሽራው የሲክል፣ ሙሽሪት የቤታ ታላሴሚያ ተሸካሚ ቢሆኑ የእሷ ቱቦ ጥርት ብሎ ይታያል፤ «ችግር የለም» ተብለው ይሸኛሉ። ልጃቸው ግን በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል ከሁለቱም ወርሶ ሲክል ሴል ታማሚ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ሙሉ የደም ቆጠራ ያስፈልጋል። የቀይ ሴሉ መጠን (ኤምሲቪ) ከ80 ወይም በአንድ ቀይ ሴል ያለው ሄሞግሎቢን (ኤምሲኤች) ከ27 በታች ከሆነ ታላሴሚያ ይጠረጠራል። ቀጥሎ ኤሌክትሮፎረሲስ በሚባለው፣ በኤሌክትሪክ በሚሠራ ምርመራ የሄሞግሎቢን ዓይነቶች ይለያሉ፦ በሲክል ተሸካሚ ኤስ የሚባለው የሲክል ሄሞግሎቢን አብዛኛውን ጊዜ ከ35 እስከ 40 በመቶ ነው፤ በቤታ ታላሴሚያ ተሸካሚ ኤ2 የሚባለው ሌላው ዓይነት ከ3.5 በመቶ ይበልጣል። አይረን ያነሰው ሰው ግን ኤ2ው ዝቅ ብሎ «ነጻ» ሊመስል ይችላል። አይረኑ ታክሞ ምርመራው መደገም አለበት፣ ያ ደግሞ ወራት ይፈጃል። ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ማን ይጠብቃል?

ዶ/ር ናትናኤል፦ ሰብለ ያለችው የሳዑዲን ልምድም ያስረዳል። እዚያ ግዴታው መመርመር ብቻ ነው፣ ውጤቱ ጋብቻ አይከለክልም። በ2004 ሁለቱም ተሸካሚ መሆናቸው ከተነገራቸው ጥንዶች ጋብቻውን የተዉት 9 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ በ2009 ከግማሽ በላይ ሆኑ። ሕጉ ያው ነው፤ ሰው እየተረዳ ሲሄድ ውሳኔው ተለወጠ። ቆጵሮስን የሚጠቅሱም አሉ። ከ7 ሰው አንዱ ገደማ የታላሴሚያ ተሸካሚ በሆነበት አገር ቤተ ክርስቲያኗ የምርመራ ወረቀት ስለጠየቀች ታመው የሚወለዱት ወደ ዜሮ ተጠጉ ይባላል። ጥንዶቹ ግን በአብዛኛው አልተለያዩም፤ ተጋብተው ፅንሱን አስመረመሩ፣ የታመመውንም ብዙዎች አቋረጡ። ይህን ሳይናገሩ ቆጵሮስን መጥቀስ ሰውን ማሳሳት ነው።

ደግሞ «ከአራት አንድ» ሲባል «አንዱ ከታመመ ሦስቱ ይድናሉ» ማለት አይደለም። እያንዳንዱ እርግዝና ዕጣው አዲስ ነው። አራት ልጅ ለሚወልዱ ቢያንስ አንዱ የመታመሙ ዕድል 68 በመቶ ነው። ይህን ረጋ ብሎ የሚያስረዳ አማካሪ ሳይኖር ወረቀት ብቻ መስጠትን እቃወማለሁ።

ብሩክ፦ ዶክተር፣ ምክሩን ተቀብያለሁ። ግን በፈቃደኝነት ከተተወ ማንም አይመጣም። እሺ፣ ከሠርጉ ይቅደም፤ ተሸካሚ በሚበዛበት አካባቢ መሰናዶ ትምህርት ቤት ላይ ይሁን።

ዶ/ር ናትናኤል፦ ያለን ገንዘብ ውስን ከሆነ እኔ አዲስ የተወለደውን ነው የማስቀድመው። ሲክል ሴል ያለበት ሕፃን በ2 ወሩ ፔኒሲሊን ቪ ቢጀምር፣ እስከ 3 ዓመቱ 125፣ ከዚያ እስከ 5 ዓመቱ 250 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ ቢወስድ፣ ድንገት ከሚገድለው የደም ኢንፌክሽን በእጅጉ ይጠበቃል። እሱ ተወልዷል፤ ሊጠብቀን አይችልም።

ሐሊማ፦ ብሩክ፣ ትምህርት ቤት ካልክ ወረቀቱ ማን እጅ ይገባል? በአሜሪካ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ጥቁሮችን በግዴታ ሲመረምሩ ጤነኛ ተሸካሚዎች ከሥራና ከኢንሹራንስ ተገፍተዋል፤ የ1972ቱ የፌዴራል ሕግ ፈቃደኝነትን ቅድመ ሁኔታ ያደረገው በዚህ ሰበብ ጭምር ነው። ልጅቷ ተሸካሚ መሆኗ መንደር ውስጥ ከተሰማ «ደሟ የታመመ» ተብላ ትቀራለች፣ ወንዱ ግን ዝም ብሎ ያገባል።

ብሩክ፦ ለየራሳቸው በእጃቸው ይሰጥ። ለትምህርት ቤቱም፣ ለሽማግሌም፣ ለቤተሰብም አይሰጥ። ግዴታ መሆኑን ግን አሁንም አለቅም።