ፋንተም ካንየን በአሮጌ ራቭ ፎር ይወጣል?

ሰናይት፦ ሰላም ናችሁ? ቅዳሜ እዚሁ ኮሎራዶ ከዴንቨር ተነስተን፣ ፋንተም ካንየን በሚባለው ሸለቆ በኩል ተራራው ላይ ወዳለችው ቪክተር ከተማ ልንወጣ አስበናል። መኪናችን አሮጌ ራቭ ፎር ናት፤ ፎር ዊል አይደለችም። እናቴም አብራን አለች። ገደል ካየች ዓይኗን ጨፍና ጸሎት ነው የምትጀምረው። ሼልፍ ሮድ የሚባል ሌላ መንገድም አለ አሉ። የቱ ይሻለናል?

የድሮ ሹፌር፦ እህቴ፣ በፋንተም ውጡ። መንገዱ ድሮ የባቡር ሐዲድ ነበር። በፈረንጆቹ 1894 ከፍሎረንስ እስከ ክሪፕል ክሪክ ወርቅ አውጪዎቹ ጋ የሚደርስ ጠባብ ሐዲድ ተዘርግቶበታል። ባቡር ደግሞ ቀጥ ያለ ዳገት አይሆንለትም፤ እየተጠማዘዘ፣ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። ኮረኮንች ቢሆንም መኪናሽን አያስጨንቃትም። ሁለቱ ዋሻዎች ጋ ብቻ ቀስ በይ፤ አንድ መኪና ነው የሚያሳልፉት። ከባቡሩ ዘመን የቀረውን የአደሌድ ድልድይም ሳታዩ እንዳታልፉ።

ሼልፍ ሮድ ግን በ1892 ለፈረስ ጋሪ የተቆረጠ ነው። በአንድ በኩል ዓለት፣ በሌላው ገደል። እኔ ጠባቡ ላይ ፒክአፕ መጣብኝና ወደ ኋላ ነዳሁ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ የመንገዱን ስም ስታነሳ አልሰማሁም። እናትሽን እዚያ አትውሰጃት፣ በናትሽ።

ብሩክ፦ በጠዋት ውጡ። በበጋ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ አይጠፋም፣ ካንየን ውስጥ ደግሞ ጎርፍ አያድርስ ነው። ባቡሩንም የጨረሰው እሱ ነው። በ1912 ሐዲዱንና ድልድዮቹን ጠራርጎ ወሰደው፤ መልሰው አልሠሩትም። እኔ ካምፐር፣ ያ የሚታደርበትን ትልቅ መኪና፣ ይዤ ልሄድ ብዬ ነበር፣ ለካ ከ25 ጫማ የሚረዝም መኪና ክልክል ነው።

ሰናይት፦ ሄደን መጣን፣ ተባረኩ! እናቴ ገደሉን ከቁም ነገርም አልቆጠረችው። ዋሻው ውስጥ ግን «ክላክስ አድርጊ፣ ባቡሩ ቢመጣስ?» አለችኝ። ቪክተር ስንደርስ ራሷን አመማት። የቦታው ከፍታ 2,960 ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ በ600 ሜትር ይበልጣል ብዬ ነገርኳት። ተቆጣች። «እኔ እኮ እንጦጦ በእግሬ ወጥቼ እንጨት ተሸክሜ የምወርድ ሰው ነኝ!» ውሃ ጠጥታ፣ ትንሽ አረፍ ብላ ተሻላት። ስንመለስ ዲቫይድ በምትባለው ከተማ በኩል በአስፋልቱ መጣን፤ እሷ መንገዱን ሙሉ ተኛች።

የድሮ ሹፌር፦ ባቡር ባይመጣም ክላክሱ ትክክል ነው። ሰላም በይልኝ።