ከንብ ቀፎ ውስጥ የተገኘ ትልቅ የእሳት እራት ምን ዓይነት ነው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ከጅማ ወጣ ብሎ ባለው የአባቴ የቡና ማሳ ትናንት ማታ ቀፎ ስንከፍት፣ ሰሙ ላይ የተለጠፈ፣ ክንፉ ሲዘረጋ 11 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ወፍራም የእሳት እራት አገኘን። የፊት ክንፎቹ ጥቁር ቡናማ ሲሆኑ፣ የኋላዎቹ ቢጫ ላይ ሁለት ጥቁር መስመሮች አሏቸው፤ ትከሻው ላይ ደግሞ የሰው የራስ ቅል የሚመስል ምልክት አለ። ስይዘው እንደ አይጥ ጮኸ፤ እናቴም መጥፎ ምልክት ነው ብላ ደነገጠች። ስሙን የሚያውቅ ይኖራል?

ምላሽ 1፦
ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ በ1758 እ.ኤ.አ. የመዘገበው፣ በሳይንሳዊ ስሙ አኬሮንቲያ አትሮፖስ የሚባለው ይመስለኛል። ለእናትዎ አይናደፍም፣ አይነክስም ብለው ይንገሩልኝ፤ ጩኸቱም አየር በአፉ ስቦ መልሶ ሲያስወጣ የሚፈጠር ድምፅ ብቻ ነው። ወደ ቀፎ የገባው ለማር ሲሆን፣ በአጭርና ጠንካራ ምላሱ የሰሙን ክዳን በስቶ ማሩን ይመጥጣል፤ ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ገላው የንቦቹን ጠረን የሚመስል ሽታ ስላለው በመካከላቸው መንቀሳቀስ መቻሉ ነው።

ምላሽ 2፦
በእስያ የሚኖሩ ሁለት የቅርብ ዘመዶች ስላሉት ሆዱንም ቢመለከቱ መልካም ነው፤ የአፍሪካው መሃል ለመሃል ሰማያዊ ግራጫ መስመር፣ ግራና ቀኙ ቢጫና ጥቁር ቀለበት አለው። አባጨጓሬው የድንች ቅጠል ስለሚበላ በአቅራቢያዎ ድንች ካለ ይፈትሹት።

ጠያቂው፦
ሆዱ ልክ እንደተባለው ነው፤ ከማሳው ጥግም ድንች አለን። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።