ቫሌንሲያ ከእናቴ ጋር፦ ጾም ላይ ሆነን አራት ቀን እንዴት እናሳልፍ?

ጥያቄ፣ ሚሚ ከፍራንክፈርት

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታለች። ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ስፔን ልወስዳት ፈልጌ ቫሌንሲያን መረጥኩ፤ ባሕርም አላት፣ ታሪክም አላት። ከሐሙስ እስከ እሑድ እንቆያለን። ግን ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ አትችልም። ጾመ ነቢያትንም ትጾማለች፤ እስከ 9 ሰዓት ምንም አትቀምስም፣ ዓሣም አትበላም። ቪዛዋን ያገኘችው ደግሞ ከጀርመን ነው። ስፔን ይሠራላታል? ምን እንይ፣ ምኑን እንተው?

መልስ፣ ተጓዡ

ከቪዛው ልጀምር። የሸንገን ቪዛ እስከሆነ ድረስ ስፔንም ይሠራል። የእናትሽ ዋና የጉዞ አገር ጀርመን ስለሆነ ለጥቂት ቀን ወጣ ማለት ችግር የለውም። ቪዛው ላይ የተጻፈውን የቀን ብዛትና የሚያበቃበትን ቀን ግን ደጋግመሽ እዪ። ፓስፖርታቸውንና የጉዞ ኢንሹራንሳቸውን ይያዙ። አንቺም ፓስፖርትሽንና የመኖሪያ ፈቃድሽን አብረሽ ያዢ፤ አንዱ ብቻውን አይበቃም።

ቀኑን ግን በደንብ አስቢበት። በዲሴምበር የመጀመሪያው እሑድ የቫሌንሲያ ማራቶን ይካሄዳል። ሆቴል ይወደዳል፣ ጠዋት መንገዶች ይዘጋሉ። ዲሴምበር 6 እና 8 ደግሞ በመላው ስፔን የበዓል ቀናት ናቸው። እኔ ብሆን አንድ ሳምንት አስቀድም ነበር።

መልስ፣ የሺ

ሐሙስ መድረሳችሁ ጥሩ ነው፤ ግን ጠዋት ድረሱ። በየሳምንቱ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ፣ በካቴድራሉ የሐዋርያት በር ፊት ለፊት፣ የውሃ ዳኞች ይቀመጣሉ። በከተማው ዙሪያ ያሉት እርሻዎች ከቱሪያ ወንዝ በወጡ ቦዮች ነው የሚጠጡት። በውሃ የተጣሉ ገበሬዎች እዚያ ቀርበው በቃል ይከራከራሉ፤ ዳኞቹም ገበሬዎች ናቸው። ፍርዱ እዚያው ይሰጣል። ልክ እንደ እኛ አገር የዛፍ ሥር ሽምግልና ነው። ዩኔስኮ በፈረንጆቹ 2009 በቅርስነት መዝግቦታል። አቤቱታ ከሌለ በደቂቃዎች ስለሚያልቅ ቀደም ብላችሁ ቁሙ።

ከዚያ ወደ ካቴድራሉ ግቡ። ጌታ በመጨረሻው እራት የያዘው ነው ተብሎ የሚታመን ጽዋ በአንድ ጸሎት ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ለካቴድራሉ የተሰጠው በ1437 ነው። እናትሽ ቆመው መጸለይ ይፈልጋሉ፤ አታቻኩያቸው። ሚካሌት የሚባለው የደወል ግንብ 207 ደረጃ ስላለው ለእሳቸው አይሆንም። የቀረው የአሮጌው ከተማ ክፍል ሜዳ ነው፣ እያረፉ ይሄዱታል።

መልስ፣ የታሪክ ወዳጅ

የሺ ያነሳችው ጽዋ እኛንም የሚነካ ታሪክ አለው። ለካቴድራሉ ያስረከበው የአራጎን ንጉሥ አልፎንሶ አምስተኛ ነው። የእኛው ዐፄ ይስሐቅ በፈረንጆቹ 1420ዎቹ መጨረሻ መልእክተኞች የላኩት ወደዚሁ ንጉሥ ነበር፤ የተገናኙትም እዚያው ቫሌንሲያ ነው። ጉዳዩ የጋብቻ ትስስርና የእጅ ባለሙያዎች ጥያቄ ነበር። አልፎንሶ በ1450 ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በጻፈው ደብዳቤ፣ ቀደም ሲል የላካቸው 13 ባለሙያዎች መንገድ ላይ እንዳለቁ ይናገራል። ይህን ለእናትሽ እዚያው ካቴድራሉ ፊት ንገሪያቸው። ከስድስት መቶ ዓመት በፊት የእኛ ሰዎች ያን ሁሉ በረሃና ባሕር አቋርጠው የደረሱበት ከተማ ነው። እኔን በጣም ነው የሚያስደንቀኝ።

የሐር ገበያውን አዳራሽ፣ ላ ሎንሃን፣ አትለፉት። ግንባታው በ1482 ተጀመረ። እንደ ገመድ የተጠመዘዙ ዓምዶች አሉት። ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በላቲን የተጻፈው፣ ባልንጀራውን የማያታልልና በአራጣ የማያበድር ነጋዴ ሀብትም የዘላለም ሕይወትም ያገኛል ይላል።

መልስ፣ ሠናይት

ስለ ምግቡ እኔ ልበል። የስፔን ምሳ ዘግይቶ ስለሚበላ ለጿሚ ይመቻል! ምግብ ቤቶች በእኛ አቆጣጠር ከ7 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ገደማ ምሳ ያቀርባሉ። እናትሽ 9 ሰዓት ላይ ሲገድፉ ወጥ ቤቱ ገና እየሠራ ነው። ከ10 በኋላ ግን ብዙዎቹ እስከ ማታ 2 ሰዓት ስለሚዘጉ እንዳያመልጣችሁ።

ፓኤያ የሚባለው የቫሌንሲያ የሩዝ ምግብ ዶሮና ጥንቸል አለበት። የአትክልት ፓኤያም አለ፤ ግን ሩዙ የተቀቀለበት መረቅ የሥጋ ሊሆን ስለሚችል ጠይቂ። ይህን ጽፈሽ አሳዪያቸው፦ «Sin carne, sin pescado, sin leche, sin huevo; el caldo también» (ሲን ካርኔ፣ ሲን ፔስካዶ፣ ሲን ሌቼ፣ ሲን ዌቮ፤ ኤል ካልዶ ታምቢየን)። ያለ ሥጋ፣ ያለ ዓሣ፣ ያለ ወተት፣ ያለ እንቁላል፣ መረቁም ጭምር ማለት ነው። ኦርቻታ ይጠጡ። ነጭ ስለሆነ ወተት ይመስላል እንጂ ቹፋ ከሚባል ከአፈር ከሚወጣ ፍሬ፣ ከውሃና ከስኳር ነው የሚሠራው። አብሮት የሚመጣው ፋርቶን የሚባለው ዳቦ ግን ብዙ ጊዜ ወተትና እንቁላል አለው። በዚያ ወቅት መንደሪንና ብርቱካን የደረሰበት ስለሆነ ከማዕከላዊው ገበያ ግዙ። ገበያው እሑድና በበዓል ቀን ዝግ ነው፤ ከሰዓት በኋላም አይሠራም።

መልስ፣ ሯጩ

ከተጓዡ ጋር አልስማማም። የማራቶኑን እሑድ አትሽሹት! አማኔ በሪሶ በ2022 በ2:14:58 ያሸነፈችው እዚያ ነው። በ2023 ደግሞ ሲሳይ ለማ በ2:01:48፣ ወርቅነሽ ደገፋም በሴቶች አሸንፈዋል። ለተሰንበት ግደይም የ5,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችው በዚሁ ከተማ ነው፣ በ2020። ውድድሩ የሚያልቀው «የሥነ ጥበባትና ሳይንስ ከተማ» በሚባለው የዘመናዊ ሕንጻዎች ግቢ፣ ውሃ ላይ በተዘረጋ ሰማያዊ መድረክ ነው። ባንዲራ ይዛችሁ ውጡ። እዚያ ቦታ ለመድረስ በቱሪያ አትክልት ስፍራ ሂዱ። ወንዙ በ1957 ከተማውን ካጥለቀለቀ በኋላ አቅጣጫው ተቀይሮ፣ አሮጌው አልጋው 9 ኪሎ ሜትር የሚያህል መናፈሻ ሆኗል። ሜዳ ነው፣ መቀመጫ በየቦታው አለ።

ሚሚ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! የየሺንና የታሪክ ወዳጅን መልስ ለእናቴ አነበብኩላት። «የእኛ ልጆች የሚሮጡ ከሆነማ አይቀርም» ብላለች፤ ስለዚህ የማራቶኑ ሳምንት ሆኗል። ሆቴል የት ሰፈር ብይዝ ይሻላል?

መልስ፣ ተጓዡ

እንዲያ ከሆነ ዛሬውኑ ያዢ። ኮሎን ወይም ሻቲቫ ከሚባሉት የሜትሮ ጣቢያዎች አጠገብ ይሁን። ከአየር ማረፊያው መስመር 3 እና 5 በቀጥታ ያደርሱሻል፤ እሑድ መንገድ ሲዘጋም ሜትሮው ያወጣችኋል። ኤል ካርመን ሰፈር ያሉት አሮጌ ቤቶች ያምራሉ፤ ግን ብዙዎቹ ሊፍት የላቸውም። ከመክፈልሽ በፊት ጠይቂ።