የሙዚየሙ ሥዕሎች ለጥናት እንዴት ይደርደሩ? የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለስድስት ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የምናቀርበውን ሐሳብ መልክ እናስይዘው። የባህል ክፍሉ የተደራጀው በሰው የሕይወት ዑደት ነው፤ ከልደት እስከ ሞት። ለጎብኚ ግሩም ነው። የእኛ ጉዳይ ግን ተማሪና ተመራማሪ ነው። ረቂቁ «በዘመን ይደርደር» ይላል፤ ዘመነ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ቀዳማይ ጎንደር፣ ዳግማይ ጎንደር እየተባለ። ምን ትላላችሁ?

የቅርስ ጥበቃ ባለሙያ፦ በዚህ አልስማማም። ዘመን ለመዝገብ እንጂ ለመደርደሪያ አይሆንም። የገበታ ሥዕል እንጨቱ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ከላዩ ያለው፣ ቀለሙ የተቀባበት ልባስ እኩል አይከተለውም፤ ቀለሙ የሚረግፈው ለዚህ ነው። የመስቀል ብረት ደግሞ ደረቅ አየር ይሻላል። በሮተርዳም የቦይማንስ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2021 የከፈተውን ማከማቻ ተመልከቱ። ከ151,000 በላይ ቅርስ የተቀመጠው በሠዓሊ ወይም በዘመን ሳይሆን በሚስማማው አየርና በመጠኑ ነው። የእነሱ አቅም የለንም፤ እንጨቱን፣ ብራናውንና ብረቱን ለይቶ ማስቀመጥ ግን አያቅተንም።

ተማሪ (አባል)፦ እሺ መምህር፣ በዚህ ይሁን። ግን የምፈልገውን በምን ላግኘው? እኔ የማጠናው ክታብ ነው፤ በብራና ጥቅልል ላይ የተጻፈ የጸሎት መከላከያ። ክታብ ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጃል፤ የክርስትና ስሙም ጸሎቱ ውስጥ ይገባል። መዝገቡ «ክታብ፣ ብራና» ብሎ ካለፈ ይህ ሁሉ ቀረ ማለት ነው። ርዝመቱና የባለቤቱ ስም ይመዝገብልን። ዘርግተን የምናይበት ረጅም ጠረጴዛም ያስፈልጋል። ሥዕሎቹ ደግሞ ከጀርባም ፎቶ ይነሡ፤ የእንጨቱ አያያዝና የድሮ ጥገና የሚታየው በጀርባ ነው።

የሥዕል መምህርት፦ ጎበዝ ልጄ! እኔ አጥብቄ የምጠይቀው ማነጻጸሪያ ክፍል ነው። የዘርዐ ያዕቆብን ዘመን ሠዓሊ ፍሬ ጽዮንን አስቡት፤ ስሙ የተጻፈበት ሥዕል ያለው ጣና ሐይቅ ላይ ባለው የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። ሌሎቹን «የእሱ እጅ ናቸው» ያሰኘው የፊቱን፣ የጣቱንና የልብሱን እጥፋት ከዚያ ጋር ማስተያየት ነው። አንድ ሥዕል ብቻ አይቶ እንዲህ ያለ ነገር ላይ መድረስ አይቻልም። ለንደን እ.ኤ.አ. በ2025 የተከፈተው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ማከማቻ ማንም ሰው ቀድሞ ቀጠሮ ይዞ እስከ 5 ዕቃ እንዲያይ ይፈቅዳል። እኛም ቢያንስ 2 ሥዕል ጎን ለጎን ይቅረብልን እንበል። የሚያወጣውና የሚይዘው ባለሙያ ይሁን።

ባለሙያው፦ እንደዚያ ከሆነ ተስማምቻለሁ። አንድ ነገር ግን ይታከል፤ ነባሩ መለያ ቁጥር እንዳይነካ። እ.ኤ.አ. በ2000 ከታተመው የሥዕሎቹ ካታሎግ ተነሥቶ የሚመጣ ሰው በሌላ ቁጥር ሊደናገር አይገባም።

ጸሐፊ፦ ጥሩ። «በዘመን ይደርደር» የሚለውን ሰርዤዋለሁ። አቀማመጡ በቁስ፣ ፍለጋው በመዝገብ፣ ጥናቱ በማነጻጸሪያ ክፍል ይሆናል። እትዬ መምህርት፣ የማነጻጸሪያ ክፍሉን አንቀጽ እርስዎ ይጻፉልን። ስለ ክታቡ ተማሪያችን ትጻፍ። የቀጠሮው አሠራር ላይ ገና ሐሳብ አልሰጣችሁም፤ ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ተማሪ እንዳይጉላላ በስልክም ቀጠሮ ይያዝ ብል ምን ይመስላችኋል?