የሆጋን፣ የኒክላውስና የፉሪክ የዱላ አሰነዛዘር፦ ጀማሪ የማንን ይከተል?

የአዳማው ጀማሪ፦

ጤና ይስጥልኝ። አዳማ የምኖር፣ ዕድሜዬ አርባን የተሻገረ፣ ጎልፍን በቴሌቪዥን አይቼ የወደድኩ ሰው ነኝ። ዘመዴ በሰጠኝ አንድ አሮጌ ባለ 7 ቁጥር የብረት ዱላ፣ እሑድ እሑድ ጠዋት ነፋሱ ሳይነሣ ከከተማው ወጣ ባለ ሜዳ ላይ እለማመዳለሁ። አሠልጣኝ ስለሌለኝ የታላላቆቹን ቪዲዮ በዝግታ እያጫወትኩ ለመኮረጅ ብሞክርም፣ ባየሁ ቁጥር ይበልጥ ግራ እየገባኝ ሄደ። ቤን ሆጋን ዱላውን በትከሻው ዙሪያ ጋደም አድርጎ ያዞረዋል። ጃክ ኒክላውስ ደግሞ እጆቹን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ ቀኝ ክርኑን ከጎኑ አርቆ፣ የግራ ተረከዙን ከመሬት አንሥቶ ይሰነዝራል። ጂም ፉሪክ በአንድ መንገድ ሽቅብ ያወጣውን ዱላ በሌላ መንገድ ሲመልሰው አየር ላይ ቀለበት የሣለ ይመስላል። ሦስቱም ያሸነፉ ሰዎች ናቸው። የአንዱ ትክክል ከሆነ የሌሎቹ እንዴት ትክክል ሊሆን ቻለ? እንደ እኔ ያለ ጀማሪስ የማንን ቢከተል ይሻለዋል?

የቀድሞው ካዲ፣ ከሐዋሳ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ እኔንም ለረጅም ጊዜ ያስጨነቀኝ ነው። ሐዋሳ ከመግባቴ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ የተጫዋቾችን ዱላ እየተሸከምኩ ስለኖርኩ የብዙ ሰው አሰነዛዘር ከቅርብ አይቻለሁ፤ ሲያዩት የሚያምር ሆኖ ኳሱን ጫካ የሚከት፣ ሲያዩት የሚያስቅ ሆኖ ኳሱን ከባንዲራው ሥር የሚያሳርፍ ሰው አጋጥሞኛል። ዱላውና ኳሱ የሚነካኩት ለግማሽ ሚሊ ሰከንድ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ኳሱ ወዴት እንደሚሄድ የሚወሰነው በዚያች ቅጽበት የዱላው ፊት ወዴት እንደዞረ፣ ዱላው ከየት ወደ የት እየተጓዘ እንደነበርና በምን ፍጥነት እንደደረሰ ነው። እርስዎ የዘረዘሯቸው ሦስቱም ሰዎች በሽቅቡ ጉዞ ይለያያሉ እንጂ ኳሱ ዘንድ ሲደርሱ ፎቷቸውን ጎን ለጎን ቢያስቀምጡት እጅግ ይቀራረባሉ፦ ዳሌያቸው ወደ ዒላማው መዞር ጀምሯል፣ ክብደታቸው ወደ ግራ እግራቸው ተሻግሯል፣ እጆቻቸውም ከዱላው ራስ ጥቂት ቀድመው ይታያሉ።

ልዩነቱም ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ሆጋንን በወጣትነቱ ኳሱ ወደ ግራ እየተጠማዘዘ ያስቸግረው ስለነበር፣ የእጁን አያያዝ ጥቂት ወደ ግራ በማዞር የዱላው ፊት ቶሎ እንዳይዘጋ፣ ማለትም ወደ ግራ እንዳይዞር አደረገ፤ ብዙዎች የሚያደንቁት አሰነዛዘሩ የዚያ ችግር መድኃኒት ነበር ማለት ይቻላል። በ1949 መኪናው ከአውቶቡስ ጋር ተጋጭቶ ክፉኛ ከተጎዳ በኋላ እንኳ በዚያው አሰነዛዘር በ1950 የአሜሪካን ኦፕን ያሸነፈ ሲሆን፣ ከ9ኙ የሜጀር (ይህን ውድድር ጨምሮ የአራቱ ታላላቅ የጎልፍ ውድድሮች) ድሎቹም 6ቱን ያገኘው ከአደጋው ወዲህ ነው። ኒክላውስ በበኩሉ ከ1962 እስከ 1986 ድረስ 18 ሜጀሮችን ሲያሸንፍ የጠቀመው፣ ከፍ ብሎ በርሮ ሲያርፍ ብዙ የማይንከባለል ኳስ መምታቱ ነበር፤ ለዚያ ደግሞ ወደ ላይ የተሰቀለ እጅ ይመቻል።

የስፖርት ሳይንስ መምህር፦

ከላይ በተጻፈው በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ሆኖም ጠያቂያችን ከዚህ ተነሥተው «መንገዱ ምንም ቢሆን ግድ የለም» ወደሚል ድምዳሜ እንዳይደርሱ እሰጋለሁ። ፉሪክ ያንን ቀለበት ከልጅነቱ ጀምሮ በአባቱ አሠልጣኝነት ሲደጋግመው ያደገ ሰው ነው፤ በ2003 የአሜሪካን ኦፕን ሲያሸንፍም፣ በ2016 አንድ ዙር (18 ጉድጓድ) በ58 ምት ብቻ ሲጨርስም አልቀየረውም። በእሑድ ጠዋት ልምምድ ብቻ ያንን የሚኮርጅ ሰው ግን ቀለበቱን እንጂ ድግግሞሹን አያገኝም።

መኮረጅ የሚገባው በዓይን ቶሎ የማይያዘው ቅደም ተከተል ነው። ዱላው ከላይ ሲመለስ በመጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው ዳሌ ነው፤ ደረት ይከተላል፣ ከዚያ ክንድ፣ ዱላው መጨረሻ ይደርሳል። በልጅነቱ የገና ጨዋታ የተጫወተ ሰው ይህን ሳያውቀው ያውቀዋል፤ በክንዱ ብቻ የሚመታ ልጅ ሩሩን ሩቅ አይሰድም ነበር። ሁለተኛው ጊዜው ነው፦ ብዙዎቹ ታላላቅ ተጫዋቾች ዱላውን ለማንሣት የሚወስዱት ጊዜ ኳሱ ላይ ለማድረስ ከሚወስዱት ሦስት እጥፍ ያህል ነው፤ ጀማሪ ግን ገና ሲያነሣ ይቸኩላል።

በነገራችን ላይ፣ አዳማም ሐዋሳም ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆኑና አየሩም ስለሚሳሳ፣ ኳሱ ራቀ ብለው ችሎታዎን በርቀቱ አይለኩት።

ሌላ አንባቢ፣ ከአዳማ፦

ታይገር ዉድስ መረሳቱ ገርሞኛል። በ1997 ከሜጀሮቹ አንዱ የሆነውን ማስተርስን በ12 ምት ልዩነት አሸንፎ ሳለ አሰነዛዘሩን እንደገና አፍርሶ ሠራ፤ በ2000 ደግሞ የአሜሪካን ኦፕን በ15 ምት አሸነፈ። ከዚያም በኋላ በተለያዩ አሠልጣኞች ሥር ደጋግሞ ቀይሮታል። ስለዚህ «የታይገር አሰነዛዘር» ሲባል የየትኛው ዓመት ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ኳሱን ሲመታ ግራ ጉልበቱን በኃይል የሚዘረጋበትን የወጣትነት ቪዲዮውን ግን በእኛ ዕድሜ ባይሞክሩት እመክራለሁ፤ እሱም ያንኑ ጉልበት በተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል።

የአዳማው ጀማሪ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በዚህ እሑድ ማንንም መኮረጅ ትቼ፣ መሬቱ ላይ ኳስ በሚቀመጥበት ቦታ በአመድ መስመር አሥምሬ ያለ ኳስ ሃያ ጊዜ ሰነዘርኩ። ዱላው አፈሩን የጫረው አሥራ አራት ጊዜ ከመስመሩ በስተቀኝ፣ ከሁለት እስከ አራት ጣት ርቆ ነው። ይህ ከምን የመጣ ነው?

የቀድሞው ካዲ፣ ከሐዋሳ፦

ክብደትዎ ቀኝ እግርዎ ላይ ስለሚቀር ይመስለኛል። ሰንዝረው ሲጨርሱ ቀኝ ተረከዝዎ ከመሬት ተነሥቶ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ካልተነሣ አልተሻገሩም ማለት ነው። ኳስ ሳያስቀምጡ፣ በግማሽ ኃይል፣ አፈሩ ከመስመሩ በስተግራ እስኪጫር ድረስ ይቀጥሉና የሚቀጥለውን እሑድ ቁጥር ይጻፉልን።